የላያል ጣት

ኬሪን ፓስኮ የአባቷን ወጥ ቤት በር ገፋ አድርጋ ስትገባ፣ አባቷ ላያል ከዕቃ ማጠቢያው ፊት ቆመው ጣቱን በብርጭቆ ወረቀት ይወለውሉ ነበር። ጣት ሲባል የሰው ጣት አይደለም፤ የመኪና ውድድር ክበቡ ሰዎች ያወጡለት ስም ነው። ከአውራ ጣት ወፈር የሚል፣ የእንጨት እጀታ የተበጀለት ክብ የብረት ዘንግ ነው። ሥራውም አንድ ብቻ ነው። በሞተሩ የአየር ማስገቢያ ቧንቧ አፍ ላይ ይደቀናል፤ አልገባም ካለ ቧንቧው ደንቡን ጠብቋል። ሹልክ ብሎ ከገባ ግን ባለቤቱ ቧንቧውን ሞርዶ አስፍቶታል፣ ሞተሩ ከድርሻው በላይ አየር ይስባል፣ ሰውየውም አጭበርባሪ ነው። ይግባኝ የለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያ ክበብ ውስጥ "ላያል ጣቱን ከተተበት" የተባለ ሰው መኪናውን ጭኖ ወደ ቤቱ ከመሄድ ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ኬሪን ይህን ውልወላ ከልጅነቷ ጀምሮ አይታዋለች። አባቷ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በሳልስበሪ ዋናው መንገድ ላይ ሥጋ ቤት ነበራቸው፤ የሥጋ ቤት ሰው ደግሞ ዝገት ከሚያይ ሰይጣን ቢያይ ይመርጣል። ዛሬ ግን ዓይኗ ያረፈው ብረቱ ላይ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ነው። ላያል ወረቀቱን ከውሃው ስር አድርገው ሲያጥቡት ግራጫ ውሃ ወረደ። ኬሪን የምትሠራው ሰው ሠራሽ ጥርስ በሚዘጋጅበት ቤት ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ስትሞርድና ስታለሰልስ ስለምትውል ግራጫው ውሃ ምን እንደሆነ ማንም እንዲነግራት አያስፈልጋትም። ብረት ነው፤ ከጣቱ ላይ የተፋቀ ብረት። በየውድድሩ ዋዜማ፣ በየዓመቱ፣ ለሠላሳ ዓመት ትንሽ በትንሽ ተፍቋል ማለት ነው። የከሳ ጣት ደግሞ መግባት የሌለበት ቦታ ይገባል። ሰው የገዛ ቤቱን ነገር አያየውም እንጂ ይህን ለማወቅ እስከ አርባ አራት ዓመቷ መቆየት አልነበረባትም።

"አባዬ፣ ዛሬም ትወለውለዋለህ?" አለች፣ ድምጿ እንዳይለወጥ እየተጠነቀቀች።

"የዛገ ቢላዋ ይዤ ደንበኛ ፊት ቆሜ አላውቅም" አሉ ላያል ዞር ሳይሉ። "በመጨረሻው ቀን ልጀምር?"

የመጨረሻው ቀን መሆኑ ነው ነገሩን ያከፋው። የክበቡ ትንንሽ መኪኖች፣ ጎማቸው ከአካላቸው ውጭ ያፈጠጠው ባለ አንድ መቀመጫዎቹ፣ ከጥንት ጀምሮ የሚሮጡት በድሮ ቮልስ ሞተር ነበር። ከመጪው ዓመት ጀምሮ ግን ደንቡ ተቀይሯል። ሌላ ትልቅ ሞተር ይገባል፣ ሞተሩም በእርሳስ ማኅተም ታሽጎ ስለሚመጣ ማንም ምንም አይለካም። ጣቱ ጡረታ ይወጣል። ማታ እራት ተደግሷል፤ ጣቱ የሚቀመጥበት የመስታወት ሣጥንም ላያል ሳያውቁ ተሠርቶላቸዋል። ኬሪን ዛሬን ምላሷን ከዋጠች አባቷ በክብር ይሸኛሉ፣ ጣቱም በመስታወት ውስጥ ይቀመጣል፣ ነገሩ ሁሉ ሆድ ይፍጀው ተብሎ ያልፋል። ግን የብሬንተን ስም በተሳታፊዎቹ መካከል አለ።

ብሬንተን ታላቅ ወንድሟ ነው። በዚህ ውድድር ቧንቧ መሞረድ ክልክል ነው፤ መምረጥን ግን ማንም አልከለከለም። ፋብሪካው በዚያን ዘመን ያወጣቸው ቧንቧዎች ሁሉ እኩል አልነበሩም፤ አንዱ ጠበብ፣ አንዱ ሰፋ ይላል። ብሬንተን ዓመታት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የተጣሉ መኪኖች በሚከመሩበት ግቢ ውስጥ ዝገትና ሸረሪት ድር መሃል እየተሽሎከሎከ፣ የሞቱ ቮልሶችን ሆድ ዕቃ ሲለካ ኖሮ በመጨረሻ አንድ ቧንቧ አገኘ። ደንቡ እስከፈቀደው ጫፍ ድረስ የሰፋ፣ ከዚያ ግን ያላለፈ። በሁለት ቢራ ዋጋ ገዛው። ደስታው ልጅ የተወለደለት ያስመስለው ነበር። በዚያው ዓመት አንደኛ ሲወጣ አባቱ በሰው ሁሉ ፊት ጣቱን ደቀኑበት፣ ጣቱም ገባ። ላያል "ወጥቷል" ብለው ወደሚቀጥለው መኪና አለፉ። ይህ ከሆነ አራት ዓመቱ ነው፤ ብሬንተንም ከዚያ ወዲህ ተወዳድሮ አያውቅም። አባትና ልጅ ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም፤ እናታቸው ስትቀበር እንኳ ከጉድጓዱ ወዲህና ወዲያ ቆመው፣ በሁለት መኪና መጥተው በሁለት መኪና ተመልሰዋል። መሃል ላይ የቆመችው ኬሪን ነበረች። ዛሬም ያው ነው።

ወደ ውድድሩ ሲሄዱ ኬሪን ትነዳለች፣ አባቷ ጣቱን በፎጣ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል። ላያል በዚህ መንገድ ሲያልፉ የቤንዚን ዋጋ የተጻፈበትን ሰሌዳ ሁሉ ጮክ ብለው ያነባሉ፣ ከዚያ መንግሥትን ይረግማሉ፤ ሥጋ ቤታቸው የነበረበት አሁን ስልክ መጠገኛ ሆኗልና እዚያ ሲደርሱ ደግሞ "አንድ ሰው ስልኩን ስንት ጊዜ ቢሰብር ነው?" ይላሉ። ዛሬም እንደዚያው እያሉ ነበር። ኬሪን ቀይ መብራት ላይ ስትቆም አላስቻላትም።

"አባዬ፣ ያ ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ግራጫ ነገር ምንድን ነው?"

"ቆሻሻ ነው።"

"ምን ዓይነት ቆሻሻ? ንጹሕ ብረት አይደል የምታሸው?"

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ከኋላ ያለው ጥሩምባውን ነፋባት፣ ነዳች። የሚቀጥለው የቤንዚን ሰሌዳ መጣና አለፈ፤ አላነበቡትም። የሚቀጥለውም አለፈ። ኬሪን በጎን ስታያቸው በአውራ ጣታቸው ፎጣውን ላይ ታች እያደረጉ ያሹት ነበር። ከተማው አልቆ ደረቁ የስንዴ ማሳ ሲጀምር "መስኮቱን ዝጊው፣ አቧራ ነው" አሉ። ኬሪን የተናገረችው በዛባት ወይስ አነሳት፣ ለራሷም አልታወቃትም።

ብሬንተንን ያገኘችው ከሰው ሁሉ ራቅ ብሎ፣ በውድድሩ ሜዳ አጥር ጥግ ላይ መኪናውን አቁሞ፣ ጎማ ላይ ተቀምጦ የሥጋ ቂጣ ሲበላ ነው። ሸምግሏል፤ ጺሙ ላይ ሽበት ወጥቷል። ከአራት ዓመት በፊት ከጎኑ የማይጠፉት ጓደኞቹ ዛሬ ከሩቅ እጃቸውን አውለብልበው ነው ያለፉት። አጭበርባሪ የተባለ ሰው አጠገብ ማንም ብዙ አይቆምም፤ ሰው ክፉ ሆኖ ሳይሆን ፈርቶ ነው።

"ዘጠኝ ዶላር አስከፈሉኝ" አለ ቂጣውን እያሳያት። "ውስጡ ሥጋ የለም፣ ድንች ብቻ። አጭበርባሪስ እነሱ ናቸው።"

ኬሪን አልሳቀችም። "ያንኑ ቧንቧ ነው ያሰርከው?"

"ያንኑ።"

"ብሬንት፣ ስማኝ። ጣቱ ከስቷል። ዛሬ ጠዋት አባዬ ሲወለውለው አየሁት፣ ብረቱ እየተፋቀ ነው የሚወርደው። አንተ ምንም አላደረግክም።"

እሷ የጠበቀችው እንዲዘልል ወይም እንዲያለቅስ ነበር። እሱ ግን የመጨረሻውን ቂጣ አኝኮ ዋጠና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። "አውቃለሁ" አለ።

"ምን?"

"እኔም እዚያ ቤት ነው ያደግሁት እኮ እህቴ። ገና ሲያወጣኝ ማታውን ነው የገባኝ።"

"አራት ዓመት ሙሉ እያወቅክ! ታዲያ ምነው ዝም አልክ?"

"ምን ልበል? ያን ሁሉ ሰው ሰብስቤ ኑና የአባቴን ጣት ለኩልኝ ልበል?" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሽማግሌው ጣቱን ከመደቀኑ በፊት ምን እንደሚል ታውቂ የለ? እንግዳውንም፣ ሌባውንም፣ ሁሉንም 'ነክተኸዋል?' ብሎ ይጠይቃል። ያመነ እንዳይዋረድ። እኔን ግን አልጠየቀኝም። አስቢው እስቲ። እኔን ብቻ ሳይጠይቅ ከተተው። ብረቱን አመነ፣ አለቀ።"

"ዛሬ ታዲያ ለምን መጣህ?"

"ዛሬ ካልጠየቀኝ መቼም አይጠይቀኝም።"

"እነግረዋለሁ" አለች ኬሪን። "ሄጄ ልቅም አድርጌ ነው የምነግረው።"

"ንገሪው፤ ከዚያ እህት የለኝም ማለት ነው።" ተነስቶ የራስ ቁሩን አነሳ። የቀልድ አልነበረም።

እስከ ሦስተኛ የወጡት ብቻ ናቸው የሚለኩት። ስለዚህ ኬሪን አጥሩን ጨብጣ ቆማ በሕይወቷ ተመኝታው የማታውቀውን ነገር ተመኘች፤ ወንድሟ አራተኛ እንዲወጣ። አራተኛ ቢወጣ አይለካም፣ አባቷ አይዋረዱም፣ ሁሉም እራቱን በልቶ ይገባል። ብሬንተንም የሰማት ይመስል ዙሩን ሁሉ አራተኛ ሆኖ ዋለ። መኪኖቹ እንደተቆጣ ንብ እየጮኹ ያልፋሉ፣ አቧራው ይነሳል፣ ይመለሳሉ፤ ያው አራተኛ ነው። እጇ ላይ የአጥሩ ሽቦ ምልክት እስኪያወጣ ጨብጣ "እንደሱ፣ እንደሱ በቃ፣ እዚያው ሁን" ትላለች። አጠገቧ የቆመች ሴት ወንድሟን እያበረታታች መስሏት ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት። በመጨረሻው ዙር፣ በመጨረሻው መታጠፊያ ብሬንተን ከፊቱ ካለው መኪና ጀርባ ተለጥፎ መጣና፣ ያ የደላው ቧንቧ አየሩን ሳበለትና፣ መስመሩ ላይ ሲደርስ በአፍንጫ ቀድሞ ሦስተኛ ሆነ። ሴትየዋ አቀፈቻት።

የመለኪያው ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ፣ ዘይትና ላብ የሚሸት መጋዘን ነው። ሦስቱ ቧንቧዎች ተፈተው ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። ወዲያው ግን አይለኩም። ብረት ሲሞቅ ይሰፋልና እስኪቀዘቅዙ ይጠበቃል፤ ላያል "ትኩስ ብረት ይዋሻል" ነው የሚሉት። ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ያህል ሰው ሁሉ ግድግዳውን ተደግፎ ይቆማል። ሌላ ጊዜ ይህ የወሬ ሰዓት ነበር፤ የጎማ ዋጋ፣ የቤት ኪራይ፣ የማን ልጅ የት እንደገባች። ዛሬም አንዱ ስለ ጎማ ጀመረና ማንም ሳይቀበለው ተወው። ላያል ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው በፎጣ የተጠቀለለውን ጣት ይዘዋል። ብሬንተን ከቧንቧው ጀርባ እጁን አጣምሮ ቆሟል። በመካከላቸው ያለው ጠረጴዛ ክንድ ቢዘረጋ የሚያልፈው ነው፤ ግን አንዱም ቀና ብሎ ሌላውን አላየም። ኬሪን በሩ አጠገብ ናት። ልናገር ስትል የወንድሟ ቃል ይይዛታል፣ ዝም ልበል ስትል የጠዋቱ ግራጫ ውሃ ይታያታል።

በሩ ላይ ሜርቭ ሊነርትም ቆሟል። ሜርቭ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ እሱም የዛሬ ሁለት ዓመት ጣቱ ገብቶበት ከክበቡ የወጣ ሰው ነው። ዛሬ የመጣው፣ እንዳለው ከሆነ፣ ለጣቱ ቀብር ነው።

"ላያል" አለ ሜርቭ ዝምታው ሲሰለቸው፣ "ልጅህንም ሁለተኛ ልትከትበት ነው? አንጀትህ ከምንድን ነው የተሠራው፣ እሱም ከብረት ነው?"

"ማንም ይሁን ማን ይለካል" አሉ ላያል።

"እሱማ ለሁላችንም ደርሶናል።"

ላያል ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ በእጃቸው ጀርባ ነካ ነካ አደረጉ፤ በርደዋል። ተነሱ። ጣቱን ከፎጣው አወጡት፤ መብራቱ ላይ አብረቀረቀ። አንደኛ የወጣው ታን የሚባል ወጣት ነው። "ነክተኸዋል?" አሉት። "ኧረ አልነካሁም፣ እርስዎ ይለኩት" አለ ታን። ጣቱ አፉ ላይ ደርሶ ቆመ፣ አልገባም። ሁለተኛውንም ጠየቁት፣ ሁለተኛውም አልነካሁም አለ፣ ጣቱም አልገባም። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ሄዱና ልጃቸው ፊት ቆሙ።

አልጠየቁትም። ኬሪን የአባቷ ከንፈር እንደ መንቀሳቀስ ሲል አይታለች፤ ይህን አይቻለሁ ብላ እስከ ዛሬ ትምላለች። ግን ድምፅ አልወጣም። ሠላሳ ሰው እያየ ልጁን ያባበለ እንዳይባሉ ነው፤ ይህ የእሳቸው በሽታ ነው፣ አድልዎ እንዳይባሉ ሲሉ በደል ይሠራሉ። እጃቸው ጣቱን አነሳ፣ ቧንቧው አፍ ላይ ደቀነው፣ ጣቱም ቅቤ ላይ እንዳረፈ ቢላዋ ሹልክ ብሎ ገባ። መጋዘኑ ውስጥ ያለው ሰው ትንፋሹን በአንድ ላይ አስወጣ። ብሬንተን ዓይኑን ጨፈነ።

አሁን "ወጥቷል" ማለት ነው የቀራቸው። ላያል ግን ጣቱን ከቧንቧው ሳያወጡ፣ እጀታውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ደቂቃው ረዘመ።

"ብሬንተን" አሉ። በአራት ዓመት ውስጥ ስሙን ሲጠሩት የመጀመሪያቸው ነው። "ነክተኸዋል?"

ብሬንተን ዓይኑን ገለጠ። አባቱን አየ፣ እጀታውን የያዘውን እጅ አየ፣ በሩ ላይ አንገቱን አስግጎ የሚጠብቀውን ሜርቭን አየ፣ በመጋዘኑ ዳር ካለው መጋረጃ ጀርባ ተሸሽጎ ጥጉ የሚታየውን የመስታወት ሣጥን አየ። ፊቱ ላይ ኬሪን ያልጠበቀችው አንድ ዕረፍት መጣ፤ ከባድ ሸክም አውርዶ የተቀመጠ ሰው ፊት።

"አዎ" አለ። "ነክቼዋለሁ። ሞርጄዋለሁ።"

ኬሪን "አይደለም!" ልትል አፏን ከፈተች፤ ወንድሟ ግን በዓይኑ ያዛት። መጋዘኑ ተንጫጫ። አንዱ "በቃ፣ ተገላገልን" አለ። የክበቡ ሊቀመንበር እፎይ ብላ ወረቀቷን አነሳችና "ላያል፣ አምኗል እኮ፤ ይውጣና ወደ እራቱ እንሂድ" አለች። ብረቱ ገብቷል፣ ሰውየውም አምኗል፤ ከዚህ የተሟላ ፍርድ በዚያ ቤት ታይቶ አያውቅም። ላያል ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ልጃቸውን ልክ ሥጋ ሲመርጡ እንደሚያዩት ቀስ ብለው፣ ላይ ታች አዩት።

"ትዋሻለህ" አሉ።

"አልዋሽም አባዬ። ያልኩትን ሰምተሃል።"

"ለአንድ ቧንቧ ብሎ የወጣትነቱን ቅዳሜ ሁሉ በዝገት ክምር ውስጥ የጨረሰ ሰው፣ ሲያገኘው ሞረድ አያሳርፍበትም። ይኼን ያኔም አውቀው ነበር።" ወደ በሩ ዞሩ። "ኬሪን፣ ያን ማይክሮሜትር አቀብዪኝ።"

ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ያለውን፣ የፀጉር ውፍረት የሚለካውን መሣሪያ አመጣችላቸው። ሊቀመንበሯ "ቧንቧውን ልትለካው ነው?" አለች።

"አይ፤ ጣቱን።"

ላያል ጣቱን ከቧንቧው አውጥተው በማይክሮሜትሩ መንጋጋ መሃል አስገቡት፣ ቀስ ብለው አጠበቁ፣ መነጽራቸውን አውልቀው አጠጉት። አነበቡ። ከፈቱና እንደገና ለኩ። አዙረው ለኩ። ከዚያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌላውን ሲያወጡበት በነበረው በዚያው ድምፅ፣ አንዲት ቃል ሳያለሰልሱ ተናገሩት፤ "መለኪያው ከደንቡ በዜሮ ነጥብ ዜሮ አራት ሚሊ ሜትር ቀጥኗል። ያቀጠንኩት እኔ ነኝ፣ ስወለውለው።" ቧንቧውንም ራሱን በሌላ መሣሪያ ለኩት። "ይህ ቧንቧ ደንቡን ጠብቋል። ሦስተኛነቱ ይጸናል። ያኔ የተነጠቀውም አንደኛነት የእሱ ነው።"

ሜርቭ ከበሩ ተነቅሎ መጣ። ፊቱ ነጭ ሆኗል። "እኔንስ?" አለ።

"የአንተን አሁን መለካት አልችልም፣ ሜርቭ። ግን እንደ በደልኩህ ቁጠረው። ይቅር በለኝ።"

ሜርቭ ለዚህች ቀን ሁለት ዓመት ሙሉ ስድብ ሲያጠራቅም ነው የኖረው። "መኪናዬን እኮ ሸጥኩት" አለ በመጨረሻ፣ እንደ ልጅ።

"አውቃለሁ" አሉ ላያል።

ከዚያ ሰው አንድ በአንድ መውጣት ጀመረ። ታን ብቻ ሲወጣ ለሽማግሌው ጎንበስ አለላቸው። መጋረጃው ጀርባ ያለውን ሣጥን ሊቀመንበሯ ቀስ ብላ በእግሯ ወደ ውስጥ ገፋችው። ላያል ጣቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና ባዶ እጃቸውን ምን እንደሚያደርጉት ቸገራቸው፤ ሱሪያቸው ላይ ጠረጉት፣ እንደገና ጠረጉት። ብሬንተን ከጠረጴዛው ማዶ እንደቆመ ነው። ኬሪንም አልወጣችም።

"ካልነካኸው" አሉ ላያል፣ ቀና ሳይሉ፣ "ለምን አዎ አልከኝ?"

ብሬንተን ቧንቧውን አንስቶ አፉን በሸሚዙ ጠርዝ ጠረገው።

"ጠየቅከኛ" አለ።